ፈዛዛ የተባለው በርሜል

አፍንጬ የሚሏት አፍንጫዋ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ትንሽ፣ ጫፏ ድፍጥጥ ያለች፣ መነጽር እንኳ በቅጡ የማትሸከም አፍንጫ ናት። ስሙ የወጣላት በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሳለች ነው። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ ገና ሽርጧን ሳታስር «ጋዝ ይሸተኛል» አለች። ዋናው ምግብ አብሳይ «አንቺን ብሎ አሽታች! ሳህንሽን እጠቢ» ብሎ ክብሪት አነሳ። ክብሪቱን ከእጁ መንትፋ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ከተተችው። ምድጃው ሲፈተሽ ቱቦው ከጀርባ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ወጥ ቤት ሥጋውም ዓሣውም በእሷ አፍንጫ ሥር ሳያልፍ ድስት አልገባም።

ታናሽ ወንድሟ የቢራ ቤቱን የከፈተው ይህንኑ አፍንጫ ተማምኖ ነው። ቤቱ በጎማ ጠጋኝና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል ያለ፣ ቀድሞ የቀለም መጋዘን የነበረ ረጅም ክፍል ነው። ከባንኮኒው ጀርባ አሥር ቧንቧዎች ተደርድረዋል። ከአራቱ የሚቀዳው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቢራ ነው፤ ስድስቱ ግን በየጊዜው ይለዋወጣሉ። በእነሱ የሚወርደው ክራፍት ቢራ የሚሉት፣ ትንንሽ ጠማቂዎች በጓሮና በጋራዥ ጥቂት በጥቂት የሚጠምቁት ነው። የትኛው ይግባ፣ የትኛው ይመለስ የሚለውን የምትወስነው አፍንጬ ናት። ወንድሟ ሲጋራ ሲያጨስ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስለሆነ ጽጌረዳና ጎማ አይለይም። «እኔ ግድግዳውን አቆምኩ፤ ቤቱን ያቆመው ግን የእታለም አፍንጫ ነው» ይላል ላገኘው ሁሉ።

ሥራዋ ላይ ወሬ አታበዛም። ብርጭቆውን በለብታ ውሃ ታለቀልቃለች፤ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጋ ታሸታለች፤ አንድ ጉንጭ ይዛ ተጉመጥምጣ ትተፋለች። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ አንድ ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ ትጽፍና ባንኮኒው ጫፍ ያለው ሚስማር ላይ ትሰካዋለች። «ሎሚ» ካለች ይገባል። «ድርቆሽ» ካለችም ይገባል። «ዝገት» ወይም «ሙት» ካለች ግን በርሜሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ወንድሟ ቃሉን ከሚስማሩ አንስቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፤ ደንበኛውም በዚያች ቃል ይመርጣል። «ይግባ»፣ «ይመለስ» ብላ ጽፋ አታውቅም። ለምን ትጻፍ? ከአንድ ማህፀን የወጡ ሰዎች በአንዲት ቃል ካልተግባቡ ማን ሊግባባ ነው!

ቤቱ ስም ያወጣው በጀማሪዎች ነው። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ዓይነት ቢራ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይመጡና በትንንሽ ብርጭቆ አዲስ አዲሱን ይሞክራሉ። ለእነሱ አፍንጬ ሁልጊዜ አንድ ፔል ኤል ታዘጋጃለች። ፔል ኤል ነጣ ባለ ብቅል የሚጠመቅ፣ ወርቃማ ቢራ ነው። ምሬት አለው፤ ፊት የሚያስጨማድድ ግን አይደለም። ሆፕስ የሚባለው አበባ የሚሰጠው ሽታ ደግሞ ፈሪውን ሰው ለሁለተኛው ጉንጭ ይጋብዘዋል። ችግሩ ስሙ ነው፤ ጀማሪ የባዕድ ስም ሰሌዳ ላይ ሲያይ ወደሚያውቀው ጠርሙስ ይሸሻል። «ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል ፈልጊለት እንጂ፣ እታለም» እያለ ወንድሟ ሲነዘንዛት ከርሟል።

እንግዲህ ይህች ሴት ከስድስት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ጣላት። ስድስት ቀን ተኛች። በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃትና ወተት ጥዳ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ በሩን ደበደበች። «ምን ሆነሽ ነው! ቤትሽ እኮ እየተቃጠለ ነው!» ዞር ብትል ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፤ የወተቱ ድስት ከሰል መስሏል። ጭሱን በዓይኗ አየችው፤ ጉሮሮዋንም ከረከራት። ሽታው ግን አልነበረም። ድስቱን አንስታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው፣ አሁንም ምንም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የእሷ ዓይን ከድንጋጤ የተነሳ ማልቀሱንም ረሳው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗን ያቃጥላታል፣ አይሸታትም። ኮምጣጤ ትከፍታለች፣ ነጭ ጋዝ ትከፍታለች፣ የቆሸሸ ካልሲ ሳይቀር ሞክራለች። ምላሷ ጣፋጩን፣ መራራውን፣ ጎምዛዛውንና ጨውን ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በሩን ዘግቶባታል። ሐኪሙ «በወር ሊመለስ ይችላል፤ በዓመትም ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አላት። ይህንን ለማለት ስንት ዓመት ተማረ ብላ በልቧ ሰደበችው።

ለወንድሟ አልነገረችውም። ያባርረኛል ብላ ፈርታ አይደለም። እንደማያባርራት ስለምታውቅ ነው የፈራችው። ወንበር ይሰጣታል፤ ትራስ ይደርብበታል፤ «እታለም፣ አረፍ በይ» ይላታል፤ እንግዳ ሲመጣ «ድሮ እኮ አፍንጫዋ ጉድ ነበር» እያለ ያስጎበኛታል። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የቤት ዕቃ መሆን ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ታውቀዋለች፤ ለሌላ ሰው ስንቴ ተርታበታለች። ለራስ ሲሆን ተረትም ይጠፋል።

ታዲያ እንዴት ትሠራ ነበር? በማጭበርበር ነዋ! ጠማቂዎች ከበርሜሉ ጋር ወረቀት ይልካሉ፤ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ የጥድ ቅጠል ይሸታል እያሉ። ያንን በሆዷ አንብባ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ትምግና ከወረቀቱ አንዷን ቃል መርጣ ትጽፋለች። የጀማሪዎቹን የአሁኑን ፔል ኤል ከአራት ሳምንት በፊት «ብስኩት» ብላ ያስገባችው በዚሁ መንገድ ነው። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ቀጂውን ትጠራዋለች። ቀጂው የሁለት ልጆች አባት፣ ቅን ሰው ነው። «ና እስቲ፣ ምን ሸተተህ? ልፈትንህ» ትለዋለች። መልሱን ተቀብላ «አልተሳሳትክም» ትላለች፤ እሱም ፈተና ያለፈ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይውላል። እሷ ደግሞ ቤቷ ገብታ በራሷ ትጸየፋለች።

ያን ሐሙስ ጠዋት የጀማሪዎቹ በርሜል ሊያልቅ ስለነበር ለምትኩ ሁለት ፔል ኤሎች ቀረቡላት። የመጀመሪያውን ያመጣው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ ወረቀቱ ከበርሜሉ ይከብዳል። «ብርቱካን» ብላ ጽፋ ሸኘችው። ሁለተኛዋ ጠማቂዋ ራሷ ነበረች። ሠላሳ አምስት ግድም የሆናት፣ የጎማ ጫማ ያደረገች፣ ክንዷ ላይ የእንፋሎት ጠባሳ ያለባት ሴት፣ በርሜሏን በእጅ ጋሪ እየገፋች መጣች።

«ወረቀትሽን ስጪኝ እስቲ» አለች አፍንጬ።

«ወረቀት የለኝም፣ እትዬ። ሆን ብዬ ነው።»

«ሆን ብለሽ ማለት?»

«እንዲህ ይሸታል ብዬ ብጽፍልዎት ያልኩትን ነው የሚያሸቱት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። አሥራ ሦስት ጊዜ ጠምቄ አሥራ ሦስቴ ደፍቻለሁ። ይሄ አሥራ አራተኛው ነው። ከራስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

አፍንጬ ዞር ብላ ቀጂውን ፈለገችው። ቀጂው ከማቀዝቀዣው ክፍል ሠራተኛ ጋር ሞተሩ ሥር ተኝቶ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ብርጭቆ አለቀለቀች፣ ቀዳች። አረፋው ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቀለሙ ጥሩ ነው። ሦስት ጊዜ ማገች። ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ ቀዝቃዛ አየር ወጣ። አንድ ጉንጭ ያዘች፤ መጠነኛ ምሬት፣ ከኋላው ጥቂት ጣፋጭነት፣ ጋዝ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው።

ጠማቂዋ ከአፍንጫዋ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «ምን ሸተተዎት?»

«ሎሚ» ልበል ብላ አሰበች። ሎሚ ባይሆንስ? ለዚህ ጥያቄ መልሱን የምታውቀው ሰው ፊቷ ቆማለች፤ አንድ ቃል ብትስት አለቀላት። ጉዷ እዚህ ባንኮኒ ላይ፣ በዚህች ደቂቃ ይወጣል። ስለዚህ ልትስት የማትችለውን ቃል ፈለገች። በርሜሉን ካስገባችው «ምን ሸተተሽ» ይከተላል፤ ከመለሰችው ግን ምንም አይሸትም ብላ ማለፍ ትችላለች። ማን ይሟገታታል? የአፍንጬን አፍንጫ!

«ከሰዓት ወንድሜ ይደውልልሻል» አለች። ወረቀቱን በመዳፏ ከልላ ጻፈችና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰካችው። የጻፈችው «ፈዛዛ» ብላ ነው። ለዛ የሌለው፣ ድንዝዝ ያለ፣ ይመለስ ማለቷ ነበር።

ጠማቂዋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብላ ባዶ ጋሪዋን እየገፋች ወጣች። የጋሪው ጎማ በሩ ላይ ሲንኳኳ አፍንጬ የቀረውን ቢራ ደፍታ ብርጭቆውን አለቀለቀች። የሰው ልፋት ላይ ሳታሸት ፈርዳለች። ወረቀቱን ልታነሳው ወደ ሚስማሩ አንድ እርምጃ ሄደች። ያኔ ቀጂው ከሞተሩ ሥር ወጥቶ «ደህና ነው እትዬ፣ ተሠራ!» አለ፤ እሷም ሽርጧን ፈትታ ለቀጠሮዋ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ነገራት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ ቤቱ ሞልቷል። ጀማሪዎቹ በየጠረጴዛው ተቀምጠው ትንንሽ ብርጭቆ ይቀባበላሉ። ቀና ብላ ጥቁር ሰሌዳውን አየች። አናቱ ላይ ክንድ በሚያክል ፊደል «የጀማሪዎች አዲስ ቢራ፦ ፈዛዛ» ተብሎ ተጽፏል። ባለችበት ክው አለች።

ወንድሟ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እታለም! እንዴት አሰብሽው? ፔል ማለት እኮ በእኛ አፍ ፈዛዛ ማለት ነው! መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ለማለት ነው። ስንት ወር ስነዘንዝሽ ዝም ብለሽ ኖረሽ ዛሬ በአንዲት ቃል ገላገልሽኝ። «ብርቱካን» ያልሽው ተራውን ይጠብቅ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ያዛል!»

እውነቱን ነው፣ ይስቃሉ። አንዷ ወፍራም ሴት ባሏን በክርኗ ጎሸም እያደረገች አስተናጋጇን «ፈዛዛማ እቤቴ አለኝ፣ ሌላ ምን አላችሁ?» ትላለች። ባልየው ራሱ ከሁሉ በላይ ይስቃል። አፍንጬ መሳቅ አልቻለችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከእርሳስ የወጣ ደግሞ ይኸው ሰሌዳ ላይ ወጣ።

«ለጠማቂዋ ደወልክላት?» አለች።

«ደወልኩላት እንጂ! እሷም መጥታለች፤ ያቻትና።»

ጠማቂዋ በመስኮቱ በኩል ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የጎማ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ቀይራ፣ ፀጉሯን አበጥራ መጥታለች። አፍንጬን ስታይ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። አፍንጬ አንገቷን ሰበር አድርጋ ባንኮኒው ጀርባ ገባች።

ምን ታድርግ? «በስህተት ነው፣ አንሳው» ብትለው ወንድሟ «ለምን?» ይላታል። ዝም ብትል ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። ማር ሊሆን ይችላል፤ የሻገተ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሠላሳ ሰው በእሷ ስም ሊጠጣው ነው። በመጀመሪያ ያሰበችው ማምለጥ ነበር። ከዚያ ግን እዚያው ቆማ የሰዎቹን ፊት ማየት ጀመረች።

የመጀመሪያው ብርጭቆ የደረሰው ልብስ ሰፊው ጋ ነው። ስድሳ ያለፈው፣ ጨዋ፣ ከአራት ሐሙስ ወዲህ ደንበኛ የሆነ ሰው ነው። አዲስ ነገር ልልመድ ብሎ ይመጣል፤ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ያዝዛል፤ ግማሹን ትቶ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። አሁን ብርጭቆውን አንስቶ አሸተተ። ቆም አለ። ደግሞ አሸተተ። አፍንጬ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ጨመደደችው። ሰውዬው አንድ ጊዜ ፉት አለ፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ሁለተኛ ፉት አለ። ከዚያ ማንንም ሳያይ፣ ምንም ሳይናገር ብርጭቆውን ጨለጠው።

«ይሄ ሌላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄስ ሌላ ነው። አንድ ጨምሩልኝ፣ በትልቁ።»

እሱ በትልቁ ሲያዝ ሌላውም አዘዘ። «ፈዛዛ!» ይላል አንዱ፤ «ለእኔም ፈዛዛ!» ይላል ሌላው። ቀጂው እጁ አልበቃ አለው። ወፍራሟ ሴት የባሏን ብርጭቆ ነጥቃ ጠጣችና «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ስድብ መስሎኝ ነበር» አለችው። ጥግ ላይ ጠማቂዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አፍንጬ እፎይ ማለት ሲገባት የባሰ ጨነቃት። ጠዋት በዚህች ሴት ላይ የፈረደችው ይህን ነበር ማለት ነው።

ወንድሟ ወንበር ላይ ወጣ። «ጸጥታ! አንዴ ስሙኝ! ፈዛዛ የዘሩ ስም ነው። እያንዳንዱ በርሜል ግን የራሱ ቃል አለው፤ ቃሉን የምትሰጠው ደግሞ እህቴ ናት። እታለም፣ ምን ሸተተሽ? ነይ ጻፊልን!» ጠመኔውን ዘረጋላት። ሰው አጨበጨበ። ጠማቂዋ ዓይኗን ጠርጋ እስከ ባንኮኒው ድረስ መጣች።

«ጠዋት ወረቀቱን ሲከልሉብኝ በጣም ነው የፈራሁት፣ እትዬ» አለች። «አሁን ይንገሩኝ። ምን ሸተተዎት?»

አፍንጬ ጠመኔውን ተቀበለች። ማጭበርበሪያው አሁንም በአፏ ጫፍ ላይ ነበር፤ አምስት ሳምንት የሠራ ነገር ዛሬ አይከዳትም። ወደ ልብስ ሰፊው ዞር ብላ ፈገግ አለች። «እስቲ ጋሼ፣ እርስዎን ልፈትንዎት። ምን ሸተተዎት?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «እኔን ተይኝ፣ አፍንጬ። ያንተ ያለህ! የእኔ አፍንጫ አይታመንም። ሌላ ሰው ጠይቂ።»

ይህን ሲል አልቀለደም፤ አፍሮ ነው። ምንም ያልጎደለው አፍንጫ ይዞ በእሷ ፊት ያፍራል። ጠመኔውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«አልሸተተኝም» አለች።

ወንድሟ ሳቀ። «ትቀልዳለች!»

«አልቀልድም። ውረድ ከዚያ ወንበር ላይ። ከታመምኩ ወዲህ አይሸተኝም። ሽንኩርት አይሸተኝም፣ ጋዝ አይሸተኝም፣ ቤቴ ሲቃጠል አልሸተተኝም። ፈዛዛ ብዬ የጻፍኩት የዘሩን ስም አይደለም። ለዛ ቢስ ነው፣ ይመለስ ማለቴ ነበር።»

ሳቁ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ጠፋ። ወንድሟ ከወንበሩ ወርዶ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ይመለስ?» አለች ጠማቂዋ። «ምኑን አይተው?»

«ምንም ሳላይ። ወረቀት ብታመጪልኝ ከወረቀትሽ ገልብጬ አስገባሽ ነበር። ምንም አልነገርሽኝም፣ ፈራሁሽ። የእኔ ጉድ ከሚወጣ አንቺ ብትወድቂ ይሻላል አልኩ። ያልኩት ይህንን ነው፤ ሌላ ምንም የማሳምርበት የለኝም።»

«ይሄ ከተመለሰ ጋኖቹን ሸጬ ላቆም ወስኜ ነበር የመጣሁት» አለች ጠማቂዋ። «እንኳን ወንድምዎ ፊደል እንጂ ልብ ማንበብ አልቻለ።» ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። አፍንጬም አልጠበቀችም።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እታለም?» አለ ወንድሟ ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኖ።

«ትራስ እንዳታመጣልኝ።»

ቀጂው ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቱ ቀልቷል። «እትዬ፣ ያ የከረመው፣ ብስኩት ያሉት... እኔ መጀመሪያ ቀን ሌላ ነገር ሸትቶኝ ነበር። እርስዎ ብስኩት ብለው ስለጻፉ ዝም አልኩ።»

ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ተነሳ። ብርጭቆውን በጥንቃቄ አስቀመጠና ወደ ባንኮኒው ቀረበ። «እሱንም ሳታሸቺው ነው ያስገባሽው?»

«እሱንም፣ ጋሼ።»

«ካርቶን ነበር የሚሸተኝ» አለ ሰውዬው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «የራሰ ካርቶን። እኔ ልብስ የምቆርጠው በካርቶን ልክ ነው፤ አርባ ዓመት ካርቶን ነው የያዝኩት። አፍንጬ ብስኩት ካለች ብስኩት ነው፣ የሚሸተኝ የራሴ እጅ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ሲጠጣ እኔን ብቻ ሲያስጠላኝ ጊዜ አፈርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከመምጣቴ በፊት በሳሙናና በድንጋይ እፈትገዋለሁ።» እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው። ጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ተልጠው ቀልተዋል።

አፍንጬ እንባዋ መጣ። አምስት ሳምንት እምቢ ያለው ዓይኗ አሁን አልያዝ አላት። «እጅዎ አይደለም፣ ጋሼ። ቢራው ነው። ቢራ ሲያረጅ ካርቶን ይሸታል። እርስዎ ልክ ነበሩ» አለች። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ግን እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ሊከት ሲል አየችው። አላመናትም። ለምን ይመናት? አንዱን እጅ ያዘችና ላረጋግጥልዎት ብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ሦስት ጊዜ ማገች። ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ ቀዝቃዛ አየር ወጣ።

እጁን ሳትለቅ ወደ ጠማቂዋ ዞረች። «እኔ አልችልም» አለቻት። «ስለ እኔ ብለሽ አይደለም። ስለ እሳቸው አሽቺልኝ።»

ጠማቂዋ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ መዳፉን፣ የተላጡትን ጣቶች፣ የእጅጌውን ጫፍ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አሸተተች።

«ሳሙና ነው፣ አባቴ» አለች ቀና ብላ። «ሌላ ምንም የለውም።»